የዓይን ፈንገስ ምርመራ ወደ ላቦራቶሪያችን ይመለስ

ይድረስ ለክልላችን ጤና ቢሮ ኃላፊዎች፣
ለሆስፒታላችን ሥራ አመራር ቦርድ፣

ጉዳዩ፦ ከዘንድሮው የግዢ ዝርዝር ስለተሰረዘው የዓይን ፈንገስ ምርመራ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። እኛ በአንድ የክልሉ አጠቃላይ ሆስፒታል በማይክሮባዮሎጂ ክፍል የምንሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ነን። በሁላችንም ስም የምጽፈው የክፍሉ ተጠሪ ነኝ። ጉዳዩን ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አቅርበናል። እስከ ዛሬ መልስ አልደረሰንም። አጨዳ እየደረሰ ነው፤ ዝም ብለን መጠበቅ አልቻልንም። በአደባባይ የጻፍነው ለዚህ ነው።

ዘንድሮ ከጠየቅናቸው ዕቃዎች ሦስቱ ተሰርዘው ዝርዝሩ ተመለሰልን። አንዱ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ እኛ ኬኦኤች የምንለው። ሁለተኛው ሳቡሮ አጋር ነው፤ ፈንገስ የምናበቅልበት ሚዲያ። ሦስተኛው ላክቶፌኖል ኮተን ብሉ የሚባለው ቀለም ነው፤ የበቀለው ፈንገስ ምን ዓይነት እንደሆነ የምናይበት። ከስረዛው ጎን ምክንያቱ ተጽፏል። አንድ መስመር ነው፦ «የአገልግሎት ጥያቄው አነስተኛ በመሆኑ»።

ይህችን መስመር ደጋግመን አነበብናት። እውነት ነው፣ በመዝገባችን ላይ ያለው ጥያቄ ትንሽ ነው። ግን ለምን ትንሽ ሆነ? ባለፈው ዓመት ከሰባት ወር በላይ ሚዲያ አልነበረንም። ኬኦኤችም መሃል ላይ አልቆብናል። ሐኪሞቹ ይህን ያውቃሉ። ምርመራው እንደሌለ እያወቀ የምርመራ ወረቀት የሚጽፍ ሐኪም ብዙ አይደለም። ወረቀት ካልመጣ ደግሞ እኛ የምንመዘግበው ነገር የለም። በወሩ መጨረሻ የምንልክላችሁ ቅጽ ላይ ዜሮ ይሆናል። እናንተ ዜሮውን አያችሁና ዕቃውን ሰረዛችሁ። አሁን ዕቃው ስለሌለ የከርሞው ሪፖርትም ዜሮ ሆኖ ይመጣላችኋል።

በሽተኞቹ ግን አሉ። በየሳምንቱ የዓይን ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እናያቸዋለን። በየወሩ በምንሞላው ቅጽ ላይ «ሌሎች የዓይን ሕመሞች» በምትለው ሳጥን ውስጥ ነው የሚገቡት።

ከእናንተ መካከል ሥራው ከዓይን ሕክምና የራቀ ሰው ይኖራልና ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የዓይን ብሌን፣ ማለትም ከፊት ያለው ጥርት ያለ መስታወት፣ ጤነኛ ሲሆን ፈንገስ በቀላሉ አያልፈውም። ሲጫር ግን በር ይከፈታል። ገለባ፣ እሾህ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የማሽላ ቅጠል፣ አፈር ያለበት እጅ፣ ሁሉም ሊያመጣው ይችላል። እንጀራ ላይ ሻጋታ ሲወጣ ያላየ ሰው የለም። ዓይን ላይ የሚወጣውም የዚያው ዘመድ ነው። እንደ እኛ ባለ የግብርና አካባቢ በብዛት የሚጠቀሱት ፉዛሪየምና አስፐርጊለስ የሚባሉት ናቸው። ሁለቱም በአፈርና በሰብል ላይ ይኖራሉ። ስለዚህ በሽታው የሚበረታው ሰው አውድማ ላይ በሚውልበት ወቅት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከመልኩ ነው። በባክቴሪያ የቆሰለ ዓይንም ይቀላል፣ ያነባል፣ ነጭ ነገር ያወጣል። በፈንገስ የቆሰለውም እንደዚያው ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ይገምታል፤ ግምቱ ግን ይስታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ አንድ ጥናት ለብሌን ስፔሻሊስቶች የዓይን ቁስል ፎቶዎችን ሰጥተው ባክቴሪያ ነው ወይስ ፈንገስ ብለው ጠየቋቸው። ትክክል የመለሱት 66 በመቶውን ነው። የብሌን ስፔሻሊስቶች ናቸው እንግዲህ። ከሦስት ዓይን አንዱን ከሳቱ፣ ወረዳ ላይ ብቻውን የሚሠራ የዓይን ነርስ ምን ሊያደርግ ይችላል? መልሱ ያለው ማይክሮስኮፕ ሥር ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ አንድ አይደለም። አንቲባዮቲክ ፈንገስን አይነካውም። ዴክሳሜታዞን፣ ማለትም ቅላትና እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት፣ ያለበት ጠብታ ደግሞ ጭራሽ ያፋፋዋል። ለዚህ ነው መለየቱ የሞት ሽረት የሚሆነው።

አሁን ስለ ሰዎቹ ልንገራችሁ። ስማቸውንና ቀበሌያቸውን አንጠቅስም።

የመጀመሪያው ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ገበሬ ናቸው። አምና ኅዳር መጨረሻ ላይ ገብስ ሲወቁ ገለባ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። በአምስተኛው ቀን እኛ ሆስፒታል መጡ። ቁስሉ ያኔ ትንሽ ነበር። የዓይን ሐኪሙ ፈንገስ ጠርጥሮ የምርመራ ወረቀት ጻፈ፤ ተስፋ ሳይቆርጡ ከሚጽፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ወረቀቱ ላይ «ሪኤጀንት የለም» ብዬ ጽፌ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ጠብታ ሰጥቶ በሳምንቱ ተመለሱ አላቸው። እሳቸው ግን እህል አውድማ ላይ ነበራቸው፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ሕመሙ ሲብስባቸው እዚያው አቅራቢያቸው ካለ መድኃኒት ቤት ሌላ ጠብታ ገዙ። አንቲባዮቲክና ዴክሳሜታዞን የተቀላቀለበት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ነው የተሸጠላቸው። ቅላቱ ቀነሰ። ዴክሳሜታዞን እንዲህ ነው። ቅላቱን ያጠፋል፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል፣ ፈንገሱ ግን የሚከላከለው ስለሌለ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እሳቸውም ተሻለኝ ብለው ሁለተኛ ጠብታ ገዙ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ልጃቸው ደግፎ ይዟቸው መጣ። ብሌናቸው ላይ ሽንብራ የሚያክል ነጭ ቁስል ነበር፤ ከሥሩ መግል ተጠራቅሟል። ሐኪሙ ናሙናውን ወስዶ ስላይዱን ራሱ ይዞ እየሮጠ መጣ። ኬኦኤች ስላልነበረን ለባክቴሪያ በምንጠቀምበት ቀለም፣ በግራም ስቴይን፣ ሠራነው። የፈንገስ ክሮች ሞልተውት ነበር። ቅርንጫፍ የሚያወጡ፣ በመሃል በመሃላቸው ክፍልፋይ ያላቸው ክሮች። ለመፈለግ እንኳን ጊዜ አልወሰደብንም፤ ዓይናችንን ስንጥል ነው ያየናቸው። ልጃቸው ናታማይሲን የሚባለውን የዓይን ፈንገስ ጠብታ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄደ። ከተማችን ውስጥ አልነበረም። እሱ ሳይመለስ በአራተኛው ቀን ብሌኑ ተበሳ። ዓይናቸው ወጣ።

ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመው ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ያ ያያችሁት ነገር መጀመሪያ ስመጣ አልነበረም ወይ?»

ነበረ አባቴ። ነበረ ብዬ መመለስ ግን አቃተኝ።

ሁለተኛው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ከብት ሲጠብቅ እሾህ ወጋው። ለእሱ የተደረገው ነገር በወረቀት ሲያዩት ትክክል ይመስላል። እኛ ስለማንሠራው ናሙናው ወደ ሌላ ከተማ ወዳለ ትልቅ ላቦራቶሪ ተላከ። በምን ተላከ? በጥጥ እንጨት፣ በሚኒባስ፣ በሹፌር እጅ። ከዓይን ብሌን ተፍቆ የሚወጣው ናሙና የጤፍ ቅንጣት እንኳ አያክልም። ሚዲያው ላይ መደረግ ያለበት እዚያው በሽተኛው አጠገብ፣ በተፋቀበት ቅጽበት ነው። በጥጥ ላይ ሆኖ ሲጓዝ የዋለ ናሙና ደርቆ ይደርሳል። ውጤቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ፦ «ምንም አልበቀለም»። አባቱ ፈንገስ የለበትም ማለት ነው ብሎ ተደስቶ ሄደ። እኛ በሙያው ያለን ሰዎች እናውቃለን፤ አልበቀለም ማለት የለም ማለት አይደለም። ግን ይህን ቀድመን ማስረዳት ነበረብን፣ አላስረዳንም። ልጁ ዛሬ በዚያ ዓይኑ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። ብሌኑ ነጭ ጠባሳ ሆኗል። የብሌን ንቅለ ተከላ ወረፋ ያዝ ተብሏል። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተቋቋመ ጀምሮ ለብዙ ሰው ብርሃን መልሷል፤ ነገር ግን በሰው ልግስና ላይ የቆመ ሥራ ነው። በአንድ ጠብታ ኬኦኤች በሚሠራ ምርመራ ሊተርፍ ይችል የነበረን ዓይን ወደዚያ ወረፋ መላክ ተገቢ አይደለም።

ሦስተኛዋ ወጣት እናት ናት። እንጨት ስትለቅም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ዓይኗን መታት። እሷ በሦስተኛው ቀን መጣች። በዚያ ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባችን ከሚያውቀው የግል ክሊኒክ ትንሽ ኬኦኤች ለምኖ አምጥቶ ነበር። ናሙናው ተወሰደ፣ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ፈንገስ መሆኑን ለሐኪሙ ነገርነው። የተሳሳተ ጠብታ አንድ ቀን እንኳ አላገኛትም። ናታማይሲኑን ህንድ ለሕክምና ሄዶ የነበረ የጎረቤቷ ልጅ በሻንጣው ይዞላት መጣ። ዛሬ ታያለች። ባለፈው ወር ለክትትል ስትመጣ ልጇን አዝላ መጥታ ነበር፤ ሁላችንም ወጥተን አየናት።

በሦስተኛዋና በመጀመሪያው ሰው መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ እባካችሁ አስቡት። ሆስፒታሉ ያው ነው፣ ሐኪሙም ያው ነው፣ ማይክሮስኮፑም ያው ነው።

ምርመራው ራሱ የተራቀቀ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ዓይኑን በማደንዘዣ ጠብታ አደንዝዞ፣ በስሊት ላምፕ፣ ማለትም በዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ፣ እያየ፣ የቁስሉን ጠርዝና ሥር በትንሽ ምላጭ ወይም በመርፌ ጫፍ ይፍቃል። የመጀመሪያዋ ፍቅፋቂ ስላይድ ላይ ትደረጋለች። አንድ ጠብታ 10 በመቶ ኬኦኤች ይጨመርባትና በመሸፈኛ ብርጭቆ ትሸፈናለች። ኬኦኤች የዓይኑን ሴልና መግሉን ያሟሟል። የፈንገሱ ግድግዳ ግን ካይቲን የሚባል ጠንካራ ነገር ስላለበት አይሟሟም፤ ክሩ ብቻውን ቀርቶ ይታያል። ኮንደንሰሩን ዝቅ አድርገን፣ ብርሃኑን ቀንሰን፣ መጀመሪያ በ10፣ ቀጥሎ በ40 ሌንስ እናያለን። ይኸው ነው። በሽተኛው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ውጤቱን ይዞ ይሄዳል።

ካልቸሩ፣ ማለትም ፈንገሱን ሚዲያ ላይ ማብቀሉ፣ ጊዜ ይወስዳል። ፍቅፋቂው ሚዲያው ላይ በ«ሲ» ቅርጽ ይጫራል። ይህም ምክንያት አለው፤ የሻጋታ ዘር በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ጭረቱ ላይ የበቀለውን ብቻ ነው የምናምነው፣ ከጭረቱ ውጪ የወጣው ከአየር የገባ ሊሆን ይችላል። ሚዲያው ባክቴሪያን የሚከለክል እንደ ክሎራምፌኒኮል ያለ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ሳይክሎሄክሲማይድ ግን ሊኖርበት አይገባም፤ ለቆዳ ፈንገስ ተብሎ የሚሸጠው ሚዲያ እሱ አለበት፣ እሱ ደግሞ የምንፈልጋቸውን ፈንገሶች ራሳቸውን ያግዳል። ይህን የምጽፈው ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ የተገዛልን ይኸው የቆዳው ስለነበር ነው። ግዢ ክፍሉን ለመውቀስ አይደለም፤ የሚጠይቀን ሰው ስላልነበረ ነው። ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ምንም ካልታየም ወዲያው አንጥለውም፣ ሁለት ሦስት ሳምንት እናቆየዋለን። ሲበቅል በኮተን ብሉ እናየዋለን። ፉዛሪየም እንደ ማጭድ የታጠፉ ዘሮች አሉት፤ አንዴ ያየ ሰው አይረሳቸውም።

«ፈንገስ መሆኑ ከታወቀ ዓይነቱ ምን ያደርጋል?» ተብለን ተጠይቀን እናውቃለን። ያደርጋል እንጂ። በቅርብ የሚገኘው የፈንገስ መድኃኒት ፍሉኮናዞል ካንዲዳ ለሚባለው ፈንገስ ይረዳል፣ ለፉዛሪየም ግን የሚረባ አይደለም። ህንድ አገር 323 በሽተኞች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ናታማይሲንን ቮሪኮናዞል ከሚባል ሌላ የፈንገስ መድኃኒት ጋር አወዳድሮ ነበር። ናታማይሲን በልጦ ተገኘ፤ ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ፉዛሪየም በነበረባቸው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም 5 በመቶ የናታማይሲን ጠብታን እ.ኤ.አ. በ2017 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። የእኛን ሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ለምን አታስመጡም ስንላቸው «በላቦራቶሪ የተረጋገጠ በሽተኛ ስንት አላችሁ?» አሉን። ቁጥር የለንም። እዚህም ያው ዜሮ ነው የመለሰን።

ወጪውን በተመለከተ ደግሞ አብረን እናስላ። ሳቡሮ አጋር በብዛት የሚመጣው 500 ግራም በሚይዝ ጠርሙስ ነው። ለአንድ ሊትር 65 ግራም ገደማ ይገባል። ስለዚህ አንዱ ጠርሙስ ከ7 ሊትር ተኩል በላይ ይወጣዋል። ለአንድ ሳህን 20 ሚሊ ሊትር ብናፈስ ወደ 380 ሳህን ነው። የሚበላሸውንና ለጥራት ፍተሻ የሚሄደውን ብንቀንስ እንኳ ከ300 በላይ በሽተኛ ይመረመርበታል። ኬኦኤች ደግሞ ለ100 ሚሊ ሊትር ውኃ 10 ግራም ነው የሚፈልገው፤ ለአንድ ሰው የሚሄደው አንድ ጠብታ ነው። እርጥበት እንዳያገኘው ክዳኑ በደንብ ከተዘጋ አንድ ጠርሙስ ለረጅም ጊዜ ይበቃናል። ያው ጠርሙስ ለቆዳ ፈንገስ ምርመራም ያገለግላል። የተሰረዘው እንግዲህ ይህ ነው። ስፔሻሊስት ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበትን ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ወይም ፒሲአር አልጠየቅንም።

በሽታው ብርቅ ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዓለም አቀፍ ግምት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በፈንገስ የዓይን ብሌን ቁስለት እንደሚያዝ፣ በየዓመቱ ከ84 ሺህ እስከ 115 ሺህ የሚደርስ ዓይን በዚሁ ምክንያት እንደሚወጣ ይናገራል። ከፍተኛው ቁጥር የእስያና የአፍሪካ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ትኩረት ይሰጣቸው ያላቸውን ፈንገሶች ሲዘረዝር ፉዛሪየምን ከሁለተኛው፣ «ከፍተኛ» ከሚለው ምድብ አስቀምጦታል።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ባልተለመደ ብዛት በፉዛሪየም መያዝ ጀመሩ። 164 ሰዎች ተረጋገጡ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከአንድ የሌንስ ማጠቢያ ፈሳሽ ጋር ተያያዘ፣ ፈሳሹም ከገበያ ወጣ። ይህ የታወቀው በየከተማው ያሉ ላቦራቶሪዎች ካልቸር ስለሚሠሩና ስለሚያሳውቁ ነው። ነገ እኛ ዘንድ አንድ የተበከለ የዓይን ጠብታ ገበያ ላይ ቢገባ በምን እናውቀዋለን? ከተሰረዙት ዕቃዎች ሌላ የምናይበት መንገድ የለንም።

ስለ ራሳችንም መናገር አለብን። ዕቃው ቢመጣ ሁሉ ነገር ይስተካከላል ብለን አናስመስልም። በትምህርት ቤት የወባና የቲቢ ስላይድ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ አይተናል። የዓይን ፈንገስ ግን አብዛኞቻችን ያየነው መጽሐፍ ላይ ነው። የጥጥ ክርና የንፍጥ ገመድ ፈንገስ መስሎን የተሳሳትንበት ጊዜ አለ። ለወባና ለቲቢ ከውጭ የሚመጣ የጥራት መፈተኛ ስላይድ አለን፤ ለፈንገስ ግን አንድም ጊዜ ደርሶን አያውቅም። ማብቀያችን (ኢንኩቤተራችን) አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በ37 ዲግሪ ለባክቴሪያ የተያዘ ነው። ለፈንገስ የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን የከተማችን የሌሊት ብርድ ደግሞ ከዚያ በታች ነው። የዓይን ክፍሉም ስሊት ላምፑ አጠገብ የተዘጋጀ ናሙና መውሰጃ የለውም። ምላጩ ከቀዶ ሕክምና፣ ስላይዱ ከእኛ፣ ማደንዘዣው ከመድኃኒት ክፍል እስኪሰበሰብ በሽተኛው ይሰለቻል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

ከሁሉ በፊት የተሰረዙት ሦስት ዕቃዎች በዘንድሮው ግዢ ይመለሱ። ሳቡሮ አጋሩ ሳይክሎሄክሲማይድ የሌለበት ይሁን፤ ከመገዛቱ በፊት መግለጫውን ለላቦራቶሪው ያሳዩን። ግዢው ቢዘገይ እንኳ ኬኦኤች ብቻውን ኅዳር ሳይገባ ይድረሰን። እሱ ብቻውን ብዙ ዓይን ያተርፋል።

ናታማይሲን በሆስፒታሉ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ ይግባ። በትንሽ መጠን ይጀመር፤ አምስትና አሥር ጠርሙስ እንኳ መደርደሪያ ላይ ይኑር። የበሽተኛ ልጅ ለፍለጋ አዲስ አበባ መመላለስ የለበትም።

ዴክሳሜታዞን ያለባቸውን የዓይን ጠብታዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ እንዲቆም ቢሮው ለመድኃኒት ቤቶችና ለቁጥጥር ባለሙያዎች በጽሑፍ ያሳውቅ። በተለይ በመኸር ወራት ክትትል ይደረግ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለአንድ ወይም ለሁለት ባለሙያ የዓይን ካልቸር በሚሠራበት ቦታ የአጭር ጊዜ የተግባር ሥልጠና ይመቻችልን። ተመልሰው የቀረነውን ያሠለጥናሉ፣ ለዚህ ቃል እንገባለን። ለፈንገስ የሚሆን አንድ ትንሽ ማብቀያና ለዓይን ክፍሉ አንድ የተሟላ የናሙና መውሰጃ ሳጥንም ያስፈልጋል። ናሙና ወደ ሌላ ላቦራቶሪ መላክ ግድ ሲሆን በሹፌር እጅ አይሂድ። የአክታ ናሙና የሚጓጓዝበት ሥርዓት አለ፤ ሚዲያው ላይ የተደረገ የዓይን ናሙናም በዚያው ይሂድ።

በወርሃዊው ሪፖርት ላይ ለዓይን ብሌን ቁስለት የራሱ መስመር ይከፈት። የተጠረጠረ፣ የተመረመረ፣ ፈንገስ የተገኘበት ተብሎ ለየብቻ ይጻፍ። ምርመራው ያልተሠራው ዕቃ ስለሌለ ከሆነም ይኸው ይመዝገብ። ከአሁን በኋላ ዜሮ ስንጽፍላችሁ ዜሮው ምን ማለት እንደሆነ እንድታውቁ እንፈልጋለን።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይቻልም ካላችሁ አንድ መኸር ስጡን። ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ። ኬኦኤችና ሚዲያ ይኑረን፣ የመጣውን እያንዳንዱን የዓይን ቁስለት እንመርምር፣ በየካቲት ቁጥሩን ይዘን ፊታችሁ እንቀርባለን። ያኔም አነስተኛ ነው ካላችሁ ከቁጥሩ ጋር ተቀምጠን እንነጋገራለን።

መልሳችሁን እስከ ጥቅምት 20 ድረስ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ውይይት ብትጠሩን የዓይን ሐኪሙን ይዘን በማንኛውም ቀን እንመጣለን። ከተቻለም ዓይናቸውን ያጡት አባት አብረውን ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ጠይቀናቸው እሺ ብለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣

የማይክሮባዮሎጂ ክፍል ተጠሪ
በክፍሉ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ስም

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ የዓይን ሕክምና ክፍል
ለሆስፒታሉ የመድኃኒት ክፍል
ለሆስፒታሉ ግዢና ንብረት ክፍል